የአባቴ ቮልስ ወለሉ በስብሷል፤ ክረምት ሳይገባ ግቢያችን ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?

የገርጂዋ
ሚያዝያ 12፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን የናንተን ሳነብ ነው የቆየሁት። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቮልሱ ግቢያችን ውስጥ ከጥዱ ሥር እንደቆመ አለ። 1300 ነው፣ በፈረንጆች የ1969 ሞዴል። አባቴ አስተማሪ ነበር። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ትምህርት ቤት ያመላለሰን በዚህ መኪና ነው። ባለፈው ወር አዲስ ባትሪ ገዝተን፣ ካርቡሬተሩን አጥበን፣ ቤንዚኑን ቀይረን ሞከርነው። በአራተኛው ተነሳ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከማድ ቤት ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ አዳመጠችው፣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ያን ቀን ነው አልሸጠውም ያልኩት።

ችግሩ ወለሉ ነው። ትናንት ምንጣፉን አነሳሁት። በሹፌሩ በኩል እግር የሚያርፍበት ቦታ እርጥብ ነው። ብረቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተቀርፎ በእጄ ይነሳል። ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ተበስቷል። በቀዳዳው የታችኛው ሣር ይታየኛል። ከበሮቹ ሥር ያለው ቀለምም አረፋ አውጥቷል።

አንድ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ አየው። «ላሜራ ለጥፈንበት በስቱኮ እናስተካክለዋለን፣ ሦስት ቀን አይፈጅም» አለኝ። ደስ አላለኝም። ወንድሜ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ግራይንደርና የኤሌክትሮድ መበየጃ አለው። ክረምት ሳይገባ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን? ከየት እንጀምር?

ሸገር_ነጂ
ሚያዝያ 12፣ ከምሽቱ 3፡42

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን እሸጠዋለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ የሚነሳ መኪና ሁሉ ፈላጊ አለው። ወለሉ የበሰበሰ ቮልስ ግን ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜ ይበላል። በዚያ ላይ መጨረሻውን አታውቂውም።

ጋሽ_ላሜራ
ሚያዝያ 13፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ አትሽጪው። ይሠራል።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ ቦዲ ቀጥቅጬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያ ሰው የነገረሽን ሥራ እኔም ለስንቱ ሠርቼዋለሁ። ደንበኛ ይቸኩላል፣ እኛም እንቸኩላለን። ዝገቱ ላይ ላሜራ፣ ላሜራው ላይ ስቱኮ፣ ስቱኮው ላይ ቀለም። ሲወጣ እንደ መስታወት ያበራል። በሁለተኛው ክረምት ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነዳል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩ ያለው ዝገትም ያንን ውሃ እየጠጣ ይኖራል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ እጥፍ ድርብ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀለም የሚያነሳው። በበሮቹ ሥር ያየሽው አረፋ የላይኛው ጫፍ ብቻ ነው።

አሁን የምነግርሽን በቅደም ተከተል አድርጊ። ግራይንደሩን ገና አትንኪው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጊ። የወለል ዝገት ከላይ የሚመጣ ነገር ነው። ውሃው ሳይገኝ ወለል የቀየረ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ወለል ደግሞ ይቀይራል።

ፈተናው ቀላል ነው። ምንጣፉን፣ መቀመጫውን፣ ከሥር ያለውን ካትራሜ (ሬንጅ የተቀባ) ወረቀት ሁሉ አውጪ። ወለሉን በጨርቅ አድርቂ። አንቺ የእጅ ባትሪ ይዘሽ ውስጥ ግቢ። ወንድምሽ ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ። ከታች ወደ ላይ ይሂድ፦ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ የጎን መስታወቱን፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱን፣ መጨረሻ ጣሪያውን። በያንዳንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉን አርሶት የቱ እንዳስገባ አታውቂም።

የ69 ሞዴል ስለሆነ አንድ ቦታ ለይተሽ እዪ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ኮፈኑ አናት ላይ የአየር ማስገቢያ ሽንቁሮች አሉት። በዚያ የሚገባው ዝናብ ከሥር ሳጥን ውስጥ ይወድቅና በጎማ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም የጥድ ቅጠል ከደፈነው ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። መኪናሽ ደግሞ ጥድ ሥር ነው ያልሽው።

ኬሚስትሪ_መምህርት
ሚያዝያ 13፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ብረት እንዲዝግ ውሃም ኦክስጂንም ያስፈልጉታል። ኦክስጂንን ማስቀረት አንችልም። ውሃን ግን እንችላለን።

የባትሪው ቦታ የተበሳበት ምክንያት ሌላ ነው። እዚያ ውሃ ብቻ አይደለም የሠራው። ከባትሪው የወጣ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታና ትነት አለበት። ብረቱን ከመንካትሽ በፊት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበት። መፍላት እስኪያቆም ድጋሚ አፍስሺ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ እጠቢ፣ አድርቂ። አሲድ የቀረበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም።

የገርጂዋ
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግን።

በሩ ደህና ነው። የጎን መስታወቱ ትንሽ ያንጠባጥባል። የፊት መስታወቱ ጎማ በግራ በኩል ታችኛው ማዕዘን ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውሃው በቀጭኑ እየወረደ ከፔዳሎቹ ሥር ሲጠራቀም በዓይኔ አየሁት። የአየር ሳጥኑን ስንከፍተውማ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ጥቁር የበሰበሰ የጥድ ቅጠል ነው የሞላው። ቱቦው ተደፍኗል፣ ጫፉም ተቀዷል።

አባቴ በክረምት ሁልጊዜ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ጋዜጣ ያነጥፍ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ገባኝ።

ጋሽ_ላሜራ
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 2፡15

ጎበዝ ልጅ። ግማሹን ሥራ ጨረስሽ።

አሁን የታመመውን ከጤነኛው ለዪ። ሁለት መሣሪያ ይበቃሻል፦ ማግኔትና ካቻቢቴ። ማግኔቱን በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለሽ ቀለሙ ላይ አስኪጂው። ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ካቻቢቴውን ገልብጠሽ በእጀታው ወለሉን አንኳኪ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ በጫፉ ተጫኚው። የሚሰምጥ ከሆነ ይቆረጣል። በጠመኔ አክብቢበት። ክቡ ከጠበቅሽው ሲሰፋ አትደንግጪ፣ ሁሌም ይሰፋል።

ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ባዶ ሳጥን በደንብ ፈትሺ። የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚሄደው በእሱ ውስጥ ነው። ሙቀት ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የቦዲው አከርካሪም እሱ ነው። ወለሉ በብሎን የሚታሰረው ከዚያው ሳጥን ጋር ነው። ወለል ቢቀየር መኪና ይቀራል። ሳጥኑ ከሄደ ግን ቦዲው መሐሉ ላይ ይጎብጣል።

ሚኒሶታ_ነዋሪ
ሚያዝያ 17፣ ከሌሊቱ 7፡50

ሰላም ከሚኒያፖሊስ። እዚህ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። የጨው ውሃ ዝገትን ያፋጥነዋል። የ10 ዓመት መኪና ፍሬን ቱቦው ዝጎ ሲፈነዳ አይቻለሁ። የአዲስ አበባ ቮልስ 50 ዓመት አልፎት ቦዲው የሚተርፈው መንገዱ ጨው ስለሌለበት ነው። እህቴ፣ የያዝሽውን ዋጋ እወቂ። እዚህ እንዲህ ያለ ጥሬ ቦዲ ሲገኝ ሰው በስልክ ይጣራል።

ከዚህ የተማርኩትን አንድ ነገር ላካፍል። በሮች ሁሉ ከታች ጫፋቸው ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው። መስታወቱ አጠገብ የሚገባው ዝናብ በዚያ ነው የሚወጣው። አቧራና ቀለም ይደፍናቸዋል፤ ያኔ በሩ ከውስጥ እንደ ባልዲ ውሃ ይይዛል። በቀጭን ሽቦ ክፈቻቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ በር ያተርፍልሻል።

የድሬው_ሹፌር
ሚያዝያ 17፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ባትሪው ቦታ ስታነሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ልጅ እያለሁ በአጎቴ ቮልስ ከድሬዳዋ ሐረር ስንወጣ ኋላ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ደንገጎ ዳገት ላይ የፀጉር ቃጠሎ የመሰለ ሽታ መጣ። የመቀመጫው ሞላ በክብደት ወርዶ የባትሪውን ራስ ነክቷል። የመቀመጫው ሙሌት ደግሞ የደረቀ ጭረት ነገር ነው፣ ወዲያው ይያያዛል። አጎቴ መቀመጫውን ነቅሎ ሜዳ ላይ ጣለው፣ ተረፍን።

እህቴ፣ ወለሉን ስትጨርሺ ባትሪው ላይ መሸፈኛ አድርጊ። ዋናው ክዳን ካልተገኘ ወፍራም የመኪና ከመነዳሪ ቆርጠሽ አልብሺው። ከሥሩም የፕላስቲክ ትሪ አድርጊለት፣ አሲዱ ብረቱን እንዳያገኘው።

ቦሌ_ሜካኒክ
ሚያዝያ 18፣ ከቀኑ 6፡30

ይህን ያህል ለምን ትደክማላችሁ? ወለሉን በሽቦ ብሩሽ አራግፋችሁ የተቃጠለ ዘይት ርጩበት፣ አለቀ። ስንት የጭነት መኪና በዚህ ኖሯል።

ሚኒሶታ_ነዋሪ
ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ የዘይት ሐሳቡ ከመሠረቱ ስህተት አይደለም። እኛም በየዓመቱ መኸር ላይ ከሥር ዘይትነት ያለው ነገር እናስረጫለን። ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባት የሚጠቀሙም አሉ። የተቃጠለ ዘይት ግን ሌላ ነው። ከሞተር የወጣ የብረት ብናኝና አሲድነት ያለው ቆሻሻ አለበት። የጎማ ክፍሎችን ያሳብጣል። የሚንጠባጠበውም የግቢሽ አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። ከሁሉ በላይ፣ አንዴ ዘይት የጠጣ ዝገት ላይ ቀለምም ብየዳም እሺ አይልም። እሷ ደግሞ ልትበይድ ነው።

ቦሌ_ሜካኒክ
ሚያዝያ 18፣ ከምሽቱ 2፡40

የብየዳውን ነገር አላሰብኩትም። ልክ ነህ። ከመበየዱ በፊት አይሆንም።

የገርጂዋ
ሚያዝያ 23፣ ከቀኑ 10፡15

ቆረጥን። ያገኘነውን ልንገራችሁ።

በግራ በር ሥር ማግኔቱ አልያዘም ነበር። ወንድሜ በግራይንደሩ ሲገፈው መጀመሪያ ቀለም ወጣ፣ ቀጥሎ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ። ከስቱኮው ሥር ደግሞ ተጠቅጥቆ የገባ ጋዜጣ። ጋዜጣ! ቀዳዳውን በወረቀት ሞልተው ነው ከላይ የለሰኑት። አንድ ቁራጭ ላይ 1991 ዓ.ም. ይነበባል። በዚያ ዓመት አባቴ መኪናውን «አሳድሰነዋል» ብሎ ወደ ደብረ ዘይት ወስዶን ነበር። ለዚያ ሥራ ደመወዙን እንዳጠራቀመ እናቴ ነገረችኝ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

በግራ በኩል ሳጥኑ የታችኛው ፊት የሁለት ስንዝር ያህል ሄዷል። የቀኙ ከባትሪው ወደ ኋላ ካለው ትንሽ ቁራጭ በቀር ይጮሃል።

ሌላ ጥያቄ፦ ብሎኖቹ አልፈታ ብለዋል። የወለሉን ብሎኖች በ13 ቁልፍ ሞከርን፣ ሁለቱ ተቆረጡ። ከዛጉት ትንንሽ ነገሮች፣ ማለትም ከመቀመጫ ሐዲድ፣ ከማጠፊያ፣ ከባትሪ ማሰሪያ ላይ ዝገቱን በምን ላውጣ?

ኬሚስትሪ_መምህርት
ሚያዝያ 23፣ ከምሽቱ 12፡40

አይዞሽ እህቴ። አባትሽ የሚችለውን አድርጓል።

ለትንንሾቹ እኔ የምወደው ሞላሰስ ነው። አዎ፣ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ከመኖ ጋር የሚቀላቅሉት ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው። አንድ እጅ ሞላሰስ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪ። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ዕቃዎቹን ዘፍዝፊ፣ ጥላ ሥር ተዪው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። አረፋ ያወጣል፣ ይሸታል፣ ከቤት አርቂው። ዝገቱን ይዞ ያወጣዋል እንጂ ጤነኛውን ብረት ብዙም አይነካም። አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባ ነገር ግን አታግቢበት፣ ይበላዋል።

ከቸኮልሽ ኮምጣጤ አለ። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኮምጣጤ ግን ብረቱንም ስለሚበላ ረስተሽ እንዳትተዪው። ሞላም ሆነ ጠንካራ ብሎን አሲድ ውስጥ አታስገቢ። ብረቱ ሃይድሮጂን ጠጥቶ ይሰባበራል፣ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። የመቀመጫ ቀበቶ ማሰሪያ ብሎኖችን በሽቦ ብሩሽ ብቻ።

በየትኛውም መንገድ ሲወጣ በሶዳ ውሃ እጠቢው፣ ወዲያው አድርቂው፣ ፀሐይ ላይ አሙቂው፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቢው። ዝገቱ የወጣለት ብረት ራቁቱን ነው። ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ብርቱካንማ ይሆናል።

ጋሽ_ላሜራ
ሚያዝያ 24፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ ስለ ጋዜጣው አነበብኩ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እኔ ጋዜጣ አድርጌ አላውቅም። ጆንያ ግን አድርጌያለሁ። ስለዚህ ይሄን በጥንቃቄ አንብቢው። የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ።

ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ወለሉ መሐል ላይ ያለው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመትቷል። ግራይንደር እንዳይነካው። በጨርቅና በቴፕ ሸፍኚው። በላዩም ቢሆን አትበይጂ፣ ስቱኮም አትቀቢ። ቦሎ ስትሄጂ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው። ቁጥሩ የጠፋበት መኪና ከዝገት የባሰ ጣጣ አለው።

ሳጥኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍት ደግፉ። ከፊተኛው የበር ምሰሶ ወደ ኋለኛው በወንድምሽ ቱቦላሬ አግድም አስራችሁ ብየዱት። ይህን ያልሠራ ሰው ሳጥኑን ሲቆርጥ ቦዲው በመርፌ ያህል ይወርዳል። ከዚያ በር አይዘጋም። አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ ሌላውን አትንኩ። መኪናው በክሪክ ሳይሆን በካባሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ፣ አራቱም ጥግ እኩል ይቁም።

ቤንዚን ጋኑ ያለው ፊት ነው። አውጡት። የባትሪ ገመድ ንቀሉ። የጣሪያ ጨርቅና የበር ሽፋን እርጥብ ጆንያ ይልበስ። አጠገባችሁ ባልዲ አሸዋና ውሃ ይኑር። ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት አትራቁ። የቮልስ እሳት ቆይቶ ነው የሚነሳው።

ላሜራውን በሚመለከት 1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ግዙ። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ዚንክ የተነከረውን አታምጡ። ሲበየድ በሚወጣው ነጭ ጭስ የተነሳ ማታ ትኩሳት ይይዛችኋል፣ ብርድ ብርድ ይላችኋል። በኛ ሙያ ወተት ጠጡ ይባላል። ወተት ሳምባ አይገባም። አየር ያለበት ቦታ ሥሩ፣ መሸፈኛ አድርጉ።

የወንድምሽን ሙያ አከብራለሁ፤ የበር ብረትና የመኪና ላሜራ ግን አንድ አይደሉም። በኤሌክትሮድ ይቦድሰዋል። መቁረጡን፣ መቅረጹን፣ ማጽዳቱን፣ ማስተካከሉን እናንተ ሥሩ። ለብየዳው ሚግ (በቀጭን ሽቦና በጋዝ የሚበይድ ማሽን) ያለው ሰው ለአንድ ቀን ጥሩ። ሁሉ ተዘጋጅቶ ከጠበቀው በቀን ይጨርሰዋል። መስመር እንዳያወርድ ንገሩት። ነጥብ፣ ነጥብ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ጥግ። ላሜራ አንድ ቦታ ከጋለ ይጠማዘዛል።

የገርጂዋ
ሚያዝያ 24፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ፣ ይህን አትሜ ጋራዡ በር ላይ ለጠፍኩት። ወንድሜ መጀመሪያ ስለ ኤሌክትሮዱ ሲያነብ ቅር አለው። ከዚያ በተራረፈ ላሜራ ሞከረ። ሦስት ጊዜ በሳው። «ሰውየው ያውቃል» አለ።

ሸገር_ነጂ
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4፡00

ከምን ደረሳችሁ? ሽጪው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን በየቀኑ ይህን እየከፈትኩ ነው።

የገርጂዋ
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 2፡25

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ፋሲካና ሥራ ተደራረበብኝ።

የቀኙ ወለል ኋለኛ ግማሽ ተቆርጦ አዲስ ገብቷል። ዝግጁ የተጠረበ ወለል ሶማሌ ተራ ጠየቅን፣ በቀኝ በኩል ያለውን አገኘን። ብሎን፣ የበር ጎማና የመስታወት ጎማም ከዚያው። የግራውን ወንድሜ ከጥቁር ላሜራ ራሱ ቀረጸው። የወለሉን ጉድጓዶች ለመምታት ከእንጨት ቅርጽ ሠርቶ በመዶሻ እያሳረፈ ሲያወርደው ሁለት ቀን ፈጀበት። አየዋለሁ፤ የአባቴን እጅ ነው ያየሁት።

ሞላሰሱ ይሠራል! የመቀመጫው ሐዲድ በ12 ቀን እንደ አዲስ ግራጫ ሆኖ ወጣ። እናቴ በሽታው ምክንያት በርሜሉን ከዶሮው ቤት ጀርባ አስወስዳዋለች።

ሚጉ ሰውዬ ቅዳሜ ይመጣል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ብየዳው ካለቀ በኋላ መገጣጠሚያውን በሲሊኮን ብደፍነውስ? ቤት ውስጥ ለመስኮት የተጠቀምንበት ተርፏል።

ኬሚስትሪ_መምህርት
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 2፡50

እባክሽ እሱን አታድርጊ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል። ባዶ ብረት ላይ ከሥሩ ዝገት ያስጀምራል። ለመኪና ስፌት ተብሎ የሚሸጠውን የፖሊዩሪታን ማሸጊያ ግዢ። እሱም ቢሆን ከአንቲረስቱ በላይ እንጂ ከሥር አይቀባም። ሁለት የሚቀላቀል ኢፖክሲ አንቲረስት ካገኘሽ ያንን ምረጪ። ተራው ቀይ አንቲረስት እርጥበት ያሳልፋል።

ጋሽ_ላሜራ
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 1፡10

በወለሉና በቦዲው መሐል የሚገባውን ጎማ እንዳትረሱ። አሮጌው ደርቆ ከሆነ ውሃው በዚያ ይገባል። አዲስ ካላገኛችሁ ወፍራም የጎማ ንጣፍ ቆርጣችሁ ብሎኖቹን በቦታቸው ብሱት።

ለሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ቀለም አይደርስም። እኔ በስተመጨረሻ የተጠቀምኩት ሰም ነው። ንጹህ የማር ሰም፣ በድርብ ድስት በሙቅ ውሃ ላይ ቀለጠ። ከእሳት ላይ አውርጄ፣ ራቅ አድርጌ፣ አዲስ የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። ሲበርድ እንደ ለስላሳ ቅቤ ይሆናል። አሙቄ በመርጫ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። ወደ ስፌቱ ይሰርጋል። እሳት ላይ እያለ ዘይትም ላምባም አትጨምሪ፣ ይነሳብሻል። ይህ ከብየዳውም ከቀለሙም በኋላ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሰም ያለበት ብረት አይበየድም።

ሚኒሶታ_ነዋሪ
ግንቦት 13፣ ከሌሊቱ 8፡15

የማር ሰሙን እሞክረዋለሁ ጋሼ። እኛ ለዚሁ ሥራ በጣሳ የተዘጋጀ ሰም እንገዛለን፣ ርካሽ አይደለም። እህቴ፣ በሳጥኑ ጫፍ ያለውን ቀዳዳ በሰም እንዳትደፍኚው። ውሃ ከገባ መውጫ ይፈልጋል።

የገርጂዋ
ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 1፡45

ብዙ ሳልጽፍ ቆየሁ። ሥራው ያዘን።

ግራው አልቋል። ቱቦላሬውን ስንፈታ ወንድሜ በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው። ቀጭ ብሎ ዘጋ። ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ጎረቤት እስኪሰለቸው ድረስ። የቀኙ ቁራጭም ተበይዷል። ኢፖክሲው ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ ስፌቱ ተደፈነ፣ ሰሙ ገባ። ለሁለት ቀን ግቢው ሁሉ ማር ማር ሸተተ። የፊት መስታወቱ ጎማ ተቀየረ። የአየር ሳጥኑ ታጥቦ አዲስ ቱቦ ገባለት፣ አናቱ ላይ ቅጠል እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አደረግንበት። ቮልሱንም ከጥዱ ሥር አንስተን ቆርቆሮ ጥላ ሠራንለት።

ዛሬ ከሰዓት ያ ትልቁ ዝናብ ሲጥል ሆን ብለን ሜዳ ላይ አወጣነው። ምንጣፍ የለውም፣ ወለሉ ግራጫ ነው። አንድ ሰዓት ዘነበ። የእጅ ባትሪ ይዤ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጣቴን በየስፌቱ ሄድኩበት። ደረቅ ነው። የባትሪው ቦታ ደረቅ ነው። ከፔዳሉ ሥር ደረቅ ነው። እናቴ ዣንጥላ ይዛ መጥታ በቀኝ በር ገባች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። «ቀዝቃዛ ነው እንጂ እርጥብ አይደለም» አለች። ዝናቡ እስኪያባራ አብረን ተቀመጥን።

ነገ ምንጣፉን አናስገባም፣ እስከ መስከረም ራቁቱን ይቆይና በየሳምንቱ እናየዋለን ብለናል። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ የቀኝ በር የላይኛው ማጠፊያ ሲከፈት ይንጫጫል። ግሪስ ይበቃዋል ወይስ ፒኑ ተበልቷል?

ጋሽ_ላሜራ
ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 2፡10

እንኳን ደስ አላችሁ ልጆቼ። ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ፣ በሩ በቀጭታ ከዘጋ ሙያ ገብቶታል።

በሩን ግማሽ ክፈቺው። ከጫፉ ይዘሽ ወደ ላይ አንሺው። ከተላወሰ ፒኑ ነው፣ ይቀየራል። ካልተላወሰ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጊና እየከፈትሽ እየዘጋሽ አስለምጂው። ነገ ንገሪኝ።